አንድ ዓመት በጎ ፈቃድ ውጭ አገር፦ ከደሴ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የጦሳ_ሥር · ማክሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ያደግሁት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሙያዬ ሥራ አላገኘሁም። ለጊዜው የዘመድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ።

ባለፈው ወር አብራኝ የተማረች ልጅ ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ነገረችኝ። ውጭ አገር ገጠር ገብቶ ደን፣ እርሻ ወይም የዱር እንስሳ ጥበቃ ላይ መሥራት ማለት ነው። ስፈልግ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ ጀርመን ነው። «ቬልትቬርትስ» ይባላል። አንድ ዓመት ነው። ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ማደሪያውን እነሱ ይችላሉ። የኪስ ገንዘብም አለው። ሌላው ደቡባዊ አፍሪካ ሄዶ የአንበሳ ደቦል ማሳደግ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ግን ከፋይዋ እኔ ነኝ። ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ሰርተፍኬት አለው ይላሉ።

ልቤ ወደ መሄዱ ነው። ሁለት ነገር ግን ያዘኝ።

አንዱ እናቴ ናት። «ደሞዝ ከሌለው ሰው አገር ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። በእኛ ሰፈር ውጭ ሄደ ማለት ብር ላከ ማለት ነው። ታላቅ እህቴ አረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። ቤታችን የቆመው በእሷ ላብ ነው። እሷ እዚያ የሰው ቤት እያጸዳች፣ እኔ በነጻ ላገለግል እሄዳለሁ ማለት አፌ ላይ ራሱ ይከብደኛል።

ሌላው የራሴ ነው። አባቴ የኩታበር ገጠር ሰው ነው። ይኸው ጥር ገባ፣ የተፋሰስ ሥራ ተጀመረ። ቅዳሜ ሄጄ ከአጎቶቼ ጋር ድንጋይ ሳቀብል ዋልኩ። ከማሳቸው በላይ ያለው ተዳፋት እንዳለ ታጥቧል፤ አለቱ አግጥጦ ይታያል። ማታ ስመለስ አንድ ሐሳብ አልለቀኝ አለ። የአጎቶቼን አፈር በሽሎ ይዞት ወደ ዓባይ እየወረደ፣ እኔ የጀርመንን ጫካ ልጠብቅ?

የሄዳችሁ፣ ሄዳችሁም የተመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሳላይሽ · ማክሰኞ ማታ 2:31

አብሽሪ እህቴ። እኔንም ሲያሳስበኝ የቆየ ነገር ነው። እየተከታተልኩ ነው።

ሐረጎ · ማክሰኞ ማታ 3:02

ከኮምቦልቻ ነኝ። እኔ የምናገረው ስለ ገንዘቡ ነው።

አምና አንድ ደላላ የአክስቴን ልጅ «የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፤ እስያ፤ ምግብና መኝታ በነጻ፤ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ደሞዝ ይቀየራል» አለው። ለፕሮሰስ ተብሎ 60 ሺህ ብር ከፈለ። ግማሹ የዕቁብ ነው። የግብዣ ደብዳቤውን አሳይቶኝ ነበር። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው። ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር መስመር ግን የለውም። የት መንደር ነው? ከማን ጋር ነው የሚሠራው? ምንም። ያኔ ቆፍጠን ብዬ አለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ስልኩ አልነሳ አለ። ቢሮው ሌላ ሰው ተከራይቶት አገኘነው። ብሩ ቀረ። ልጁ ግን ቀረልን፣ ተመስገን። በዚያው ሰሞን ነው «ታይላንድ ሥራ አለ» ተብለው ወጥተው፣ ማይናማር ድንበር ላይ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢ ውስጥ የታገቱ ኢትዮጵያውያን ነገር የተሰማው። አክስቴ ያን ስትሰማ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ስለዚህ እህቴ፣ ገንዘብ አምጪ ያለሽን ሁሉ ተዪው። ደህናዎቹ አይጠይቁም። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለ፤ ዩኤንቪ የሚባለው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቦን ነው። ለማመልከት አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። እንዲያውም ለበጎ ፈቃደኛው የመኖሪያ አበል ይከፍላል። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ በኢንተርኔት የምትሠሪውም አለው። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የራሱ የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ አለው። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ይወስዳል፤ 12 ወር ነው፤ ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር ይልካል። መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ ከእኛ ሰፈር የሚያውቀው የለም። ይኼ ያናድደኛል።

አስተባባሪ · ማክሰኞ ማታ 3:20

የደላላም የቢሮም ስም፣ ስልክ ቁጥርም እዚህ አትጻፉ። ሐረጎ፣ ስም ሳትጠራ ስለነገርከን እናመሰግናለን። ቀጥሉ።

ቀይ_ቀበሮ · ማክሰኞ ማታ 4:10

ስለ ደቦሉ ልናገር። ቦረና ሳይንት ፓርክ አካባቢ ሠርቻለሁ፤ ነገሩ ይመለከተኛል።

የአንበሳ ደቦል ሁለት ዓመት ያህል ከእናቱ ጋር ሆኖ ነው አደን የሚማረው። በጡጦ ያደገ፣ ሰው ሲያቅፈው የከረመ አንበሳ ዱር ቢለቁት አይኖርም። ደቦሎቹን ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው የሚነጥሏቸው እሷ ቶሎ ደግማ እንድትወልድ ነው። እስኪያድጉ ቱሪስትና በጎ ፈቃደኛ እየከፈለ ያቅፋቸዋል። ካደጉ በኋላስ? ብዙዎቹ በአጥር ውስጥ ለአዳኝ ይሸጣሉ፤ አጥንታቸውም ይነገድበታል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ በግቢ አንበሳ የማርባት ሥራ እንዲቆም ወስኗል።

እህቴ፣ የምትከፍይው ለጥበቃ መስሎሽ ነው፤ ብሩ የሚገባው ግን ለዚሁ ንግድ ነው።

እኛ እዚያው ፓርክ ውስጥ፣ ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ላይ ቀይ ቀበሮ ስንከታተል ቀርበን አናውቅም። ጠዋት ጉም ሳይነሳ ወጥተን፣ ድንጋይ ተደግፈን፣ በመነጽር ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ትጽፊያለሽ። አንዳንድ ቀን ምንም ሳታዪ ትመለሻለሽ። ያንንም ትጽፊዋለሽ። አውሬ አቅፈሽ ፎቶ ትነሺያለሽ የሚልሽ ካለ ጥበቃ ላይ አይደለም።

በርበሬ_ወንዝ · ረቡዕ ጠዋት 1:40

ሌሊቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ሳስብ አደርኩ። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በዚሁ በምትዪው ፕሮግራም ጀርመን አንድ ዓመት ቆይቼ ተመልሻለሁ።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገርሽ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር የጀርመን ወጣቶችን ወደ ሌላ አገር የሚልክ ነበር። ከ2013 ወዲህ ደግሞ እንደ እኛ ካሉ አገሮች ይቀበላል። ዕድሜ ከ18 እስከ 28። ጀርመን ላለው ድርጅት በቀጥታ ጽፈሽ አይሆንም፤ አገር ቤት ባለ አጋር ድርጅት በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊው ያንን አጋር ነው። ቋንቋም አለ፤ ብዙዎቹ ኤ1 ወይም ኤ2 የሚባለውን የጀማሪ ጀርመንኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። እኔ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ጎተ የሚባለው የጀርመን ባህል ተቋም ገብቼ ነው የተማርኩት። ከትምህርቱ ክፍያ ይልቅ የቤት ኪራዩ ነበር የከበደኝ። ብዙ ቦታ ሥራው መስከረም ላይ ስለሚጀምር ከአሁኑ ብትነሺ ትደርሻለሽ።

አሁን ወደ ሥራው። የተመደብኩት አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ጥበቃ ጣቢያ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ኃላፊዋ ባልዲና የእጅ ባትሪ ሰጠችኝ። «ከነገ ጀምሮ ጉርጥ ታሻግሪያለሽ» አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉርጦቹ የብርዱን ወራት ጫካ ውስጥ አፈር ሥር ይከርማሉ። ብርዱ ሲለቅ፣ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ከፍ ሲልና ሲዘንብ፣ ሌሊት ተነስተው እንቁላል ወደሚጥሉበት ኩሬ ይሄዳሉ። በመሀል አስፋልት አለ። መኪና ይጨፈልቃቸዋል። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ጉልበት የማይደርስ የላስቲክ አጥር ይዘረጋል። በአጥሩ ሥር በየተወሰነ ርቀት ባልዲ ከመሬት እኩል ሆኖ ይቀበራል። ጉርጡ አጥሩን እየታከከ ሄዶ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በየባልዲው እየዞርሽ ታወጫቸዋለሽ። ወንዱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴቷ ጀርባ ላይ ታዝሎ ታገኚዋለሽ። ትቆጥሪያለሽ። ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ባልዲ ቁጥር ስንት። ከዚያ ማዶ ወስደሽ ትለቂያቸዋለሽ።

መጀመሪያ ሰሞን ተከፋሁ። ዲግሪ ይዤ፣ አገር አቋርጬ፣ ለዚህ ነው? አልኩ። አንድ ቀን ኃላፊዋ የድሮ መዝገቦቹን አወጣችልኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ፣ በየባልዲው ተጽፏል። አንዳንዱ ገጽ ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ፈስሷል። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገዱ ሥር የመሻገሪያ ቱቦ የሠራው በዚያ ቁጥር ተከራክረው ነው። ቱቦው የት እንደሚገባ የነገራቸውም የባልዲው ቁጥር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቀርቼ አላውቅም።

የከበደኝ ነገር አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል። ሰው ጨዋ ነው፤ ግን ማንም ሳይነገር ቤት አይመጣም። የቡና ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ጭርታው ያማል። በዓመቱ ውስጥ 25 ቀን ሥልጠና አለ፤ ከሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ጋር የምትገናኚው ያኔ ነው። እኔን ያቆየኝ እሱ ነው።

አሁን ቃሉ ወረዳ ውስጥ ችግኝ ጣቢያ እሠራለሁ። እኛ ዘንድ የሚዘገበው የተተከለው ነው። በዓመቱ ተመልሶ የጸደቀውን የሚቆጥር ጥቂት ነው። እኔ በየረድፉ ቁጥር ሰጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። የትኛው ወይራ ቆመ፣ የትኛውን ፍየል በላው፣ የትኛው ውሃ አጥቶ ደረቀ። ያን መዝገብ ይዤ ነው ዘንድሮ «ከላይኛው ተዳፋት ላይ ጥድ እንተው፣ ግራር እናድርግ» ብዬ የተከራከርኩት። ሰሙኝ።

ግራዋ · ረቡዕ ቀን 7:05

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። በርበሬ ወንዝ የጻፍሽው ደስ ይላል። ግን የገጠሩ ወጣት በሙሉ መውጫ እየፈለገ፣ የተማረውም አንድ ዓመት የፈረንጅ ጉርጥ ሲቆጥር፣ ካቡን ማን ይካብ? የአጎቶቿ እርከን ዘንድሮ ሰው ይፈልጋል። ደቦና ወንፈል ያለው ሕዝብ ነን። በጎ ፈቃድ ከውጭ የምንማረው ነገር አይደለም። ስንቱስ ነው የሚመለሰው? «ለአንድ ዓመት» ብሎ ሄዶ የቀረ አላየንም?

በርበሬ_ወንዝ · ረቡዕ ቀን 7:40

ግራዋ፣ የምትለው እውነት አለው። ከእኔ ጋር ከሌሎች አገሮች ከመጡት ውስጥ የቀሩ አሉ። ስለ ሌላው ልመልስልህ አልችልም። ደቦውንም ያልከው ልክ ነው፤ ጉልበት አላጣንም። እኔ ያመጣሁት አንድ ነገር ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ማየትና መጻፍ። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ነግረውኝ ነበር። እጄ ውስጥ የገባው ግን እዚያ ባልዲው ጋ ነው።

የማይባር_ሰው · ረቡዕ ማታ 1:25

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው።

ሁለቱንም ወገን ስለማውቅ ልናገር። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስማር ሒሳብ ያስተማረን ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ነበር። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አገራችን መጥተው ያስተምሩ ነበር። ገና ልጅ እግር ናቸው። የእኛን ምግብ ይበላሉ፣ ከእኛው ጋር ኳስ ይጫወታሉ። አስተማሪዬ ብዙ ነገር አያውቅም ነበር፤ አገሩንም ቋንቋውንም። ግን የማያውቀውን ይጠይቅ ነበር። ያ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።

ኋላ ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የከፈተው ነው። 113 ሄክታር ያህል ተፋሰስ ነው የሚጠናው። እኔ ተመልካች ሆኜ ገባሁ። ዝናቡን እንለካለን። ጎርፍ ሲመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ላስቲክ ለብሰን ወንዙ ጋ ወርደን አንድ ሊትር ጠርሙስ እንቀዳለን። ውሃው ቡና ይመስላል። ጠርሙሱን አሳድረሽ ጠዋት ስታዪው ከሥሩ ጭቃው ተኝቷል። ያ ጭቃ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። እኔ ገበሬ ነበርኩ፤ አፈር እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን በጠርሙስ ውስጥ ተኝቶ ሳየው ያን ያህል ይሄዳል አላልኩም ነበር። የእኔው ማሳ ነበር ጠርሙሱ ውስጥ ያለው።

ደግሞ ሌላውን ስሚ። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲያ በወሎ ተራራ ሁሉ እርከን ተሠራ። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰጠን ነበር። ሰው ስለራበው ሠራ። ሥራው ጥሩ ነበር። ነገር ግን የማሳው ባለቤት «የት ይሁን?» ተብሎ አልተጠየቀም። ካቡ መሬቱን አጠበበው፤ አይጥ ተራባበት፤ በሬ መመለሻ አጣ። መንግሥት ሲቀየር ብዙው ፈረሰ። ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም። የራሱ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ስትሄጂ አንድ ነገር ጠይቂ። እኔን የፈለገኝ ማን ነው? መንደሩ ነው ወይስ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ሰው? በርበሬ ወንዝን የጣቢያው ኃላፊ ባልዲ ይዛ ስትጠብቃት ነበር፤ ስለዚህ ሥራው እውነት ነው። እንደዚያ የሚጠብቅሽ ካለ ሂጂ። ግራዋ፣ አንተም ልጄ፣ አትቆጣ። የሄደ ሁሉ አይጠፋም።

ቦርከና_ዳር · ረቡዕ ማታ 3:50

ጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የእርስዎን ነገር ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኬንያ ስድስት ወር ነበርኩ። መጀመሪያ ማቻኮስ አካባቢ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጋ ወሰዱን። ገበሬው ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ ይጥላል፤ ግርግዳው ላይ ሳር ይተክላል። እኔ ደግሞ «ይኼማ የእኛው ፋንያ ጁ ነው!» አልኩ በአማርኛ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቃሉን ሰምተዋላ። ለካ ስዋሂሊ ነው! «ወደ ላይ አድርግ» እንደ ማለት። እኔ ቃሉን የሰማሁት ከቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ነው። የእኛ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ዘዴው ከዚያ የመጣ ነው፤ ሰው ሄዶ አይቶት፣ ሰው መጥቶ አሳይቶት። እነሱም በአንድነት የሚሠሩበት አላቸው፤ ምዌትያ ይሉታል። ዛሬ የአንቺ፣ ነገ የእኔ። ወንፈል በሉት።

ከዚያ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረድን። ጋዚ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባል የመንደሩ የራሱ ሥራ አለ፤ «ማንግሮቭ በአንድነት» ማለት ነው። ማንግሮቭ ባሕሩ ውስጥ እግሩን ነክሮ የሚበቅል ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 117 ሄክታር ጫካ እየጠበቁ የካርቦን ክሬዲት ይሸጣሉ፤ ጫካው አየር የሚያሞቀውን ካርቦን ስለሚይዝ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለመንደሩ ውሃና ትምህርት ቤት ይውላል። ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት እነሱው ናቸው። እኛ የሠራነው ትንሽ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ውስጥ ገብተን ፍሬውን እንተክላለን። ፍሬው እንደ እርሳስ ረጅም ነው፤ ሹሉን ወደ ታች አድርገሽ ትወጊዋለሽ። ጭቃው ጫማ ይበላል። ባሕሩ ከመመለሱ በፊት መውጣት አለብሽ። ሰዓቱን የሚነግሩን የመንደሩ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱ «በቃ» ሲሉ በቃ ነው።

ስለ ወረቀቱ ልናገር። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ግን ለጉብኝት መግባትና ገብቶ መሥራት ይለያያል። በነጻም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። ተቀባዩ ድርጅት ነው የሚያወጣው። «ዝም ብለሽ ቱሪስት ነኝ በይ» የሚልሽን አትስሚ። በብዙ አገር እንዲሁ ነው። እንግሊዝ እንኳ በጎብኚ ቪዛ በጎ ፈቃድ የሚፈቀደው ቢበዛ 30 ቀን፣ ያውም ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዉፍ የሚባለው፣ እርሻ ላይ እየሠሩ ምግብና መኝታ የሚያገኙበትም፣ በብዙ ቦታ ሕጉ እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ቢጫ ወባ መከተቢያ ካርዱን ደግሞ አትርሺ። ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቢ። አንድ ጊዜ ከተከተብሽ ለዕድሜ ልክ ነው።

የሆጤ_እናት · ሐሙስ ጠዋት 3:15

እኔ ሁለት ልጆች ውጭ ያሉኝ እናት ነኝ። እናትሽ «ደሞዝ» ያለችው ስለ ብር አይመስለኝም። እናት ፈርታ ስለ ብር ታወራለች። የት ታድሪያለሽ? ከማን ጋር? ብትታመሚ ማን ሐኪም ቤት ይወስድሻል? መቼ ትመለሻለሽ? ይህን በስሙና በቀኑ ንገሪያት። የመመለሻ ትኬቱን ቀን አሳያት። የምታድሪበትን ቤት ፎቶ አሳያት። የምትቀበልሽን ሴትዮ በቪዲዮ አገናኛት፤ ቋንቋ ባይግባቡም ፊቷን ትይ። እኔ ልጄ ስትሄድ ይህን ሁሉ አላየሁም። ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር።

ሳላይሽ · ሐሙስ ጠዋት 3:40

እትዬ፣ አላህ ልጆችዎን በሰላም ያገናኝዎ።

የጦሳ_ሥር · እሑድ ማታ 1:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። ለእናቴም አነበብኩላት። የማይባሩን ጋሼ ጽሑፍ ሳነብላት «ይኼ ሰውዬ እውነተኛ ነው፤ የአይጡን ነገር አባትሽም ሲል ሰምቻለሁ» አለች።

የአንበሳውን ትቼዋለሁ። ቀይ ቀበሮ፣ ባትነግረኝ እከፍል ነበር። ከእህቴም ልበደር አስቤ ነበር። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ለጀርመኑ አጋር ድርጅት አዲስ አበባ ጻፍኩ። መለሱልኝ። ብር አልጠየቁም። ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃና ለምን መሄድ እንደምፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው የጠየቁት። በርበሬ ወንዝ እንዳልሽው ቋንቋም አለበት።

ትናንት ማታ እህቴ ደወለች። እናቴ ቀድማ ነግራታለች። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ፓስፖርትሽን ማን ነው የሚይዘው?» አለችኝ። አላወቅሁም። ስድስት ዓመት ስንደዋወል ይህን ነገር ነግራኝ አታውቅም ነበር። ማታ ተኝቼ ስለ እሷ ሳስብ ነው ያነጋሁት።

በርበሬ ወንዝ፣ እባክሽ መልሺልኝ።

በርበሬ_ወንዝ · እሑድ ማታ 2:05

አንቺ ራስሽ ነሽ የምትይዥው። የእኔ አንድ ዓመት ሙሉ የክፍሌ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማንም ስጪኝ አላለኝም። ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ስሄድም በእጄ ይዤው ሄጄ በእጄ ይዤው ተመለስኩ። «አስቀምጥልሽ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ማንም ይሁን፣ አትስጪ። በዚያው ቀን ለላከሽ አጋር ድርጅት ደውዪ። ይህን ለእህትሽ ንገሪያት። ከእኔም ሰላም በያት።

ግራዋ · እሑድ ማታ 2:30

የእህትሽ ጥያቄ ልቤን ነካው። ቅድም የተናገርኩትን አልተውኩም፤ እርከኑ አሁንም ሰው ይፈልጋል። እስከ መስከረም ግን ስምንት ወር አለሽ። ኩታበር ከሆነ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ እወጣለሁ። ባሬላና ዶማ አለኝ፤ የጎደለን እጅ ነው።

የማይባር_ሰው · እሑድ ማታ 2:55

ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት የሚመጣው ቅዳሜ ብትመጪ ወንዙን አሳይሻለሁ። ውሃ አሁን ጥቂት ነው፤ ግን ጠርሙሱ የሚቀዳበትን ድንጋይ ታዪዋለሽ። የድሮ የመስክ ደብተሬም ቤት አለ። ስታነቢው አንዳንዱ ቁጥር ላይ «ማታ፣ ዝናብ፣ ባትሪ ጠፋ» የሚል ታገኚያለሽ። የእኔ ጽሕፈት ነው። ግራዋም ይምጣ። አሥር ሜትር ሲባጎና ውሃ ልክ ይዛችሁ ኑ፤ የድሮው ተሰብሮብኛል። ከማሳዬ በላይ አንድ እርከን መስመሩ ተጣሟል፤ አብረን እንለካዋለን።

የጦሳ_ሥር · እሑድ ማታ 3:01

እመጣለሁ ጋሼ። ውሃ ልኩን ከአጎቴ እዋሳለሁ። ግራዋ፣ ጠዋት 1 ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ ሲባጎውን አንተ ያዝ።